ነጭ ነጠብጣብ (የዓሣ በሽታ)

ጨዋማ ባልሆነ ውኃ የሚኖሩ የአኳሪየም ዓሦችን በብዛት የሚያጠቃ በሽታ። መንሥኤው ኢክቲዮፍቲሪየስ መልቲፊሊስ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋሲ ነው። የታመመ ዓሣ ክንፉና ቆዳው ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ከድንጋይ ጋርም ይታከካል። በሽታው ስንጥቡ ላይ ብቻ ከሰፈረ ግን ከቶሎ ቶሎ መተንፈስ በቀር ምልክት ላይታይ ይችላል።

ተሕዋሲው ቆዳ ሥር ሳለ መድኃኒት አይደርስበትም። ጠግቦ ሲወድቅ በገንዳው ወለል ላይ ሽፋን ሠርቶ ይባዛል፤ ከአንዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ይፈለፈላሉ። እንደ ማላካይት ግሪን ያለው መድኃኒት የሚገድለው እነዚህን፣ ገና ዓሣ ፍለጋ ሲዋኙ ነው። ነጠብጣቡ ጠፋ ብሎ ሕክምናን ማቋረጥ ስለዚህ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። ዑደቱ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሳምንት ውስጥ ያልቃል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ሳምንታት ይፈጃል። የከሰል ማጣሪያ መድኃኒቱን ስለሚመጥ በሕክምናው ወቅት ይወጣል።