ስልክ በእጅ በማይኖርበት ቀን፦ የአንድ ጊዜ መጠባበቂያ ኮድ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙት ሐይቅ እና ውጫሌ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በጦርነቱ ወቅት፣ የስልክና የመብራት አገልግሎት ተቋርጦባቸው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ስልኩን ጥሎ የተሰደደ ሰው አዲስ አበባ ደርሶ ኢንተርኔት ቢያገኝ እንኳ ኢሜይሉን ለመክፈት ሊቸገር ይችላል። የይለፍ ቃሉን ቢያስታውስም፣ በባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ለተጠበቀ አካውንት ሁለተኛው ቁጥር የሚላከው በጠፋው ስልክ ነውና። ሰላም ባለበት ቀንም ስልክ በገበያ መሀል ይሰረቃል።

መጠባበቂያ ኮድ የተዘጋጀው ለዚህ ነው። ባለቤቱ ስልኩ በእጁ ሳለ ከአካውንቱ የሚያወጣው የቁጥሮች ዝርዝር ሲኾን፣ አጭር መልእክት በማይደርስበት ጊዜ በምትኩ ያገለግላል። ጉግል በአንድ ጊዜ 10 ኮዶችን ይሰጣል፤ እያንዳንዱ 8 አኃዝ አለው። አንዱ ኮድ ከገባ በኋላ ዳግመኛ አይሠራም፤ እንደ ዘር እህል ነው፣ አንዴ ከተዘራ ወደ ጎታ አይመለስም። ኮዱ የሚተካው ስልኩን እንጂ ኢንተርኔቱን አለመኾኑ ግን ሊታወቅ ይገባል።

ዝርዝሩን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ትርጉም የለውም፤ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በወረቀት ጽፎ የመሬት ይዞታ ደብተር በሚቀመጥበት ሥፍራ ማኖር ይሻላል። የይለፍ ቃሉ ግን በዚያው ወረቀት ላይ አይጻፍም። «ኮዱን ንገረኝ» ብሎ የሚደውል ሰው፣ የድርጅት ሠራተኛ ነኝ ቢልም፣ አጭበርባሪ ነው።

ለኅብረት ሥራ ማኅበር የእህል መዝገብም ኾነ ለሌላ አገልግሎት የድረ ገጽ መተግበሪያ የሚሠሩ ወጣቶች ይህን አሠራር ሲጨምሩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ኮዶቹ በዘፈቀደ፣ ለምስጢር ሥራ በተዘጋጀ የቁጥር ማመንጫ መውጣት አለባቸው፤ የልደት ቀን ወይም ተከታታይ ቁጥር አይኾንም። በመረጃ ቋቱ የሚቀመጠው ኮዱ ራሱ ሳይኾን፣ እንደ ቢክሪፕት ባለ ሆን ተብሎ ዝግ በተደረገ ስሌት የተለወጠው ቅርጹ ነው። ፈጣን ስሌት ከተመረጠ ቋቱን የሰረቀ ሰው 100 ሚሊዮኑን ባለ 8 አኃዝ ቁጥር በአጭር ጊዜ ሞክሮ ይጨርሳል።

የሙከራ ገደብም ግድ ነው። 10 ኮዶች ባሉበት አንዱን በግምት የማግኘት ዕድል ከ10 ሚሊዮን አንድ ቢኾንም፣ ያለ ገደብ ለሚሞክር ኮምፒውተር ይህ ብዙ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ ሌላ ነው፦ ኮዱን መፈተሽና «ያገለገለ» ብሎ መመዝገብ በአንድ የማይነጣጠል ርምጃ መፈጸም አለበት፤ አለበለዚያ ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት በአንድ ኮድ ሊገቡ ይችላሉ።

መተግበሪያው ኮዶቹን አንድ ጊዜ ብቻ ያሳያል፤ ስንት እንደቀሩ ግን ለባለቤቱ ይነግራል። ሁለት ወይም ሦስት ሲቀሩ አዲስ ዝርዝር ማውጣት ይገባል። አዲሱ እንደወጣ የቀድሞዎቹ በሙሉ ይሰረዛሉ፤ አሮጌው ወረቀት ከዚያ በኋላ እሳት ከማያያዝ ያለፈ ጥቅም የለውም።