302 ቀን የፈጀው ደብዳቤ

በ1958 ወሎ ውስጥ፣ ወረኢሉ አውራጃ፣ ሰው በረሃብ መሞት ጀመረ። ነገሩ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ሪፖርት ተደረገ። ሪፖርቱም አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያስ? ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የኢትዮጵያ ገጠር ለረሃብ ያለውን ተጋላጭነት ባጠኑበት መጽሐፋቸው እንዳሰፈሩት፣ ወሬው ንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ እስኪደርስ 302 ቀን ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰምተው ሚኒስቴሩ አንድ ነገር እንዲያደርግ አዘዙ። ሚኒስቴሩም አደረገ፤ የሟቾቹን ስም ዝርዝር ላኩልን ብሎ ለወሎ ባለሥልጣናት ጻፈ።

ሳቅ ቢመጣባችሁ አልፈርድም። በበቅሎ የሚመጣ ሰው ሁለት ሳምንት የማይፈጅበትን መንገድ ወረቀቱ አሥር ወር ተጓዘው። ግን እዚህ ታሪክ ውስጥ ሰነፍ ጸሐፊ ወይም ክፉ ሚኒስትር ፍለጋ ብንገባ ዋናው ነገር ያመልጠናል። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ሥራውን ሠርቷል። ደብዳቤው ተመዝግቧል፣ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ወደ በላይ ተመርቷል። የጠፋው «ይህ ነገር የእኔ ነው፣ ዛሬ እህል ይውጣ» የሚል አንድ ሰው ነው።

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ «የስጋት ሥራ አመራር» የሚባል ነገር አለ። ሥልጠና ይሰጥበታል፣ ኮሚቴ ይቋቋምለታል፣ ሰንጠረዥ ይሞላለታል። ቃሉ ከውጭ የመጣና ከእኛ ጋር የማይተዋወቅ ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ስለ ስጋት አያያዝ የተማረውን ሁሉ የተማረው በረሃብ ነው። ትምህርቱ ደግሞ ቀስ እያለ፣ አንድ በአንድ ነው የገባው። ታሪኩን እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ማወቅ ወንጀል ሲሆን

ከወረኢሉው ረሃብ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1965፣ ወሎ እንደገና ተመታች። በዚህ ጊዜ መረጃ አልጠፋም። የእርሻ ሚኒስቴር ባለሙያዎች በሰብል ጥናታቸው ምርቱ መክሸፉን አስቀድመው አይተው ነበር። ጥናቱ ግን ለሕዝብ አልወጣም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ አንስተው ተመለሱና ግቢ ውስጥ አሳዩ። መንግሥት በበኩሉ ነገሩ እንዳይጋነን፣ የአገር ስም እንዳይጎድፍ ይጠነቀቅ ነበር። ጥቅምት 1966 ላይ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ከዚያ በኋላ መደበቅ የሚቻል ነገር አልነበረም። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ግምቱ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል።

በኋላ አማርትያ ሴን የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ ይህንኑ ረሃብ አጥንቶ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አሳየ። በአገር ደረጃ እህል ያን ያህል አልጠፋም ነበር። ደሴ ገበያ ላይ ዋጋው እንደሚጠበቀው አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የወጣ እህል ነበር። ሰው ያጣው እህሉን መግዣ ነው፤ ሰብሉ ከሽፏል፣ ከብቱ አልቋል፣ ስለዚህ እጁ ባዶ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ይመጣል። ዝናብን ብቻ የሚለካ መሥሪያ ቤት ረሃብን ሊያይ አይችልም ማለት ነው።

ደርግ ሥልጣን ሊይዝ ሲል ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አቀናብሮ በቴሌቪዥን አሳየ። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ። ረሃቡን ጨምሮ የባለሥልጣናቱን ጥፋት የሚመረምር መርማሪ ኮሚሽንም ሥራ ላይ ነበር። ምርመራው ፍርድ ላይ ሳይደርስ ኅዳር 14 ቀን 1967 ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች፣ ብዙዎቹ የቀድሞ ባለሥልጣናት፣ ተረሸኑ።

እዚህ ላይ አንድ ዕድል አመለጠን እላለሁ። ደብዳቤው የትኛው ጠረጴዛ ላይ ቆመ? ጥናቱ እንዳይወጣ ማን ወሰነ? እህል እንዲወጣ የማዘዝ ሥልጣንስ የማን ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች በአደባባይ ተመርምረው ቢመለሱ ኖሮ የሚቀጥለው መንግሥት ይማርባቸው ነበር። መልሱን የሚያውቁት ሰዎች ግን ከነመልሳቸው ተቀበሩ።

ዕማማኮ፦ ስጋት ቤት ሲያገኝ

ከዚያ ሁሉ ጥፋት አንድ ጠቃሚ ነገር ተረፈ። በ1966 የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ወላጆቻችን «ዕማማኮ» እያሉ የሚያስታውሱት ነው። ከዚያ በፊት ረሃብ ሲመጣ ጊዜያዊ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ረሃቡ ሲያልፍ ኮሚቴው ይበተናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ዓይነት ነው። አሁን ግን ስጋቱን ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቅ፣ የራሱ ሠራተኛ፣ መጋዘንና የጭነት መኪና ያለው መሥሪያ ቤት ተገኘ።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ተዘረጋ። የሥራው አካሄድ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብልህ ነው። የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ዝናቡን ይከታተላል፣ እርሻ ሚኒስቴር ሰብሉን ያያል፣ ከየአካባቢው ደግሞ የገበያ ዋጋ ይመጣል። አንድ በሬ ተሽጦ ስንት ኩንታል እህል ይገዛል? ባለፈው ዓመት ብዙ ይገዛ የነበረ በሬ ዘንድሮ ግማሹን እንኳ ካልገዛ፣ ገበሬው ከብቱን በርካሽ እያወጣ ነው፣ ማለትም ጨንቆታል። ሴን ያሳየው ነገር እዚህ የሥራ መሣሪያ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የስጋት ቅንጅት የሚባለውም ይህ ነው። ማንም መሥሪያ ቤት ብቻውን ሙሉውን ስጋት አያይም። አንዱ ደመናውን ያያል፣ ሌላው ማሳውን፣ ሌላው ገበያውን፣ ሌላው የሕፃናቱን ክንድ። እነዚህን አንድ ላይ የሚያነብ ሰው ከሌለ እያንዳንዱ ሪፖርት «ሁኔታው በክትትል ላይ ነው» ብሎ ያበቃል።

ያወቀ፣ ግን ያላዘዘ

ዕማማኮ በ1976 ተፈተነ። ድርቁን አይቶታል። መጋቢት 1976 ላይ ለጋሾችን ሰብስቦ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተናገረ። የሚያስፈልገው እህል ወደ 900 ሺህ ቶን ነበር። ኮሚሽኑ የጠየቀው ግን 450 ሺህ ቶን ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢመጣ እንኳ አጓጉዞ ለማከፋፈል አቅም የለም ብሎ። በዚያው ሰሞን የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት የላካቸው ባለሙያዎች የሚያስፈልገው 125 ሺህ ቶን ነው አሉ። እስቲ ለጋሽ ሁኑና አስቡት፤ ሦስት ቁጥር ጠረጴዛችሁ ላይ አለ። ያውም የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነው፣ ጠያቂው ደግሞ ከሶቪየት ጋር የወገነ መንግሥት። ትንሿን ቁጥር ማመን ምን ያህል ይቀል ነበር!

አገር ቤትም የተሻለ አልነበረም። አገሪቱ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና ለኢሠፓ ምሥረታ ሽር ጉድ ትል ነበር። በወቅቱ የኮሚሽኑ ዋና ኃላፊ የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ከአገር ከወጡ በኋላ በጻፉት መጽሐፍ፣ የበዓሉ ድምቀት እንዳይበላሽ የድርቁ ወሬ ጎልቶ እንዳይሰማ ይፈለግ እንደነበር ገልጸዋል። የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን መሄጃ ፈቃድ ያገኙት በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ማይክል በርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ከቆረም ያመጡት ምስል በቢቢሲ ታየ። የቀረውን ዓለም ያውቀዋል።

ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሰባት ወር ነው። ከወረኢሉው 302 ቀን ጋር አወዳድሩት። በ18 ዓመት ውስጥ የአንድ ትልቅ ኮሚሽን፣ የመኪኖች፣ የመጋዘኖች፣ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ባለቤት ሆነናል። ከማስጠንቀቂያ እስከ እርምጃ ያለው ጊዜ ግን ብዙም አላጠረም።

ለምን? ዕማማኮ የማወቅ ሥልጣን ተሰጠው እንጂ የማዘዝ ሥልጣን አልተሰጠውም። በጀቱ የሌላ ነው። ወደቡ የሌላ ነው። ከሁሉም በላይ ጦርነቱ የሌላ ነው። ሰሜኑ ውስጥ አማፅያን በያዙት አካባቢ እህል እንዳይገባ ይከለከል ነበር፤ ለዚያ ሕዝብ የሚደርሰው በሱዳን በኩል ተሻግሮ ነው። ያ ሁሉ እልቂት እያለ ወደ 600 ሺህ ሰው ወደ ደቡብና ምዕራብ በሠፈራ ስም ተጋዘ፤ ለእርዳታ የሚያስፈልገው መኪናና የሰው ኃይልም ለዚያ ዋለ። ስጋቱን የሚያባብሰው ራሱ መንግሥት ሲሆን፣ የስጋት ክፍሉ ለማን ያመለክታል? የሟቾቹ ግምት ከ400 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

ከዚያ ወዲህ የመጣው ለውጥ የሚናቅ አይደለም። በ1974 የተጀመረው የመጠባበቂያ እህል ክምችት ከደርግ ውድቀት በኋላ ራሱን የቻለ ተቋም ሆነ። አሠራሩ ብድር ነው። እርዳታ ሰጪው ድርጅት እህሉ በመርከብ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ቃል የተገባለትን ይዞ ከመጋዘን ይበደራል፣ የራሱ ሲደርስ ይመልሳል። ወራት የሚፈጀው ጥበቃ ወደ ቀናት ያጥራል።

በ1986 የወጣው የአደጋ መከላከል ፖሊሲ ደግሞ የእያንዳንዱን ሚኒስቴር ድርሻ ጻፈ፤ ኮሚቴዎችንም ከፌዴራል እስከ ወረዳ ዘረጋ። በ1987 ዕማማኮ የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ሆነ። በስሙ ውስጥ «መከላከል» የሚለው ቃል ከፊት መግባቱ በራሱ ትምህርት ነው።

ፈተናው ግን ቀጠለ። በ1992 ጎዴ ላይ ሕፃናት አለቁ። ማስጠንቀቂያው ነበር፤ ነገር ግን ከመጠባበቂያው የተበደሩ ቶሎ ስላልመለሱ መጋዘኑ ተመናምኖ ነበር። የገደለው ደግሞ ረሃብ ብቻ አይደለም፤ ኩፍኝም ነው። እርዳታ ፍለጋ የተሰበሰበ ሕዝብ ውስጥ ክትባት ዘግይቶ ሲደርስ በሽታው ይዛመታል። የእህሉ ቢሮና የጤናው ቢሮ ተለያይተው ሲሠሩ የሚሆነው ይህ ነው።

በ1995 ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተረጂ ሆነ፤ ከ1977ቱ የበለጠ ማለት ነው። የ1977ቱ ዓይነት እልቂት ግን አልደረሰም። ማስጠንቀቂያው በጊዜ ተነገረ፣ ተሰማ፣ እህሉም ተንቀሳቀሰ። በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት ደግሞ በየዓመቱ መራባቸው አስቀድሞ የታወቀ ቤተሰቦች የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪ እንዳይጠብቁ አደረገ። በ2008 በኤልኒኖ ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ እርዳታ ሲያስፈልገው መንግሥት ከራሱ ካዝና ቀድሞ ወጪ አደረገ።

ታሪኩ በድል አልቋል እንዳትሉኝ። ሰኔ 2015 ላይ የእርዳታ እህል ለታለመለት ሰው ሳይደርስ መዘረፉ ተጋልጦ ዋናዎቹ ለጋሾች በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ፤ ወራት ቆይቶ ነው የተመለሰው። የሚራበው ሰው ያልሰረቀውን ከፈለ። የጦርነቱም ጉዳይ ያው ነው፤ ስንት ፖሊሲ ቢጻፍ መንገዱ በጠመንጃ ከተዘጋ እህል አያልፍም።

ወደ እናንተ ቢሮ

ብዙዎቻችሁ የምትሠሩት በክፍለ ከተማ፣ በሆስፒታል፣ በዩኒቨርሲቲ፣ በውሃና ፍሳሽ ነው። ረሃብ ከእኛ ሥራ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። የምትሞሉት የስጋት ሰንጠረዥ ከወረኢሉ ደብዳቤ የሚለየው በሦስት ጥያቄዎች ነው።

አንደኛ፣ ክፉ ወሬ የሚያመጣ ሠራተኛ ምን ይገጥመዋል? በ1965 የገጠመው ዝምታ ነው። ዛሬም የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ወይም የጉብኝት ሰሞን ሲደርስ «ይህን ከሪፖርቱ አውጣው» የሚል አለቃ አለ።

ሁለተኛ፣ ስጋቱ እውን ሲሆን ማን ያዛል? በስም፣ ያለ ስብሰባ። ለስድስት ክፍሎች ግልባጭ የተደረገ ማስጠንቀቂያ ስድስት ሰው አውቆታል፣ የሚንቀሳቀስበት ግን የለም።

ሦስተኛ፣ አስቀድሞ የተቀመጠ ነገር አለ ወይ? ገንዘብ፣ መድኃኒት፣ ጄኔሬተር፣ እህል። ከሌለ ያ የስጋት እቅድ የማመልከቻ ደብዳቤ ነው።

ሁኔታው ከተሳካ ማንም አያመሰግናችሁም፤ ያልደረሰ አደጋ ዜና አይሆንም። በ1995 ስላልሞቱት ሰዎች የተዘፈነ ዘፈን የለም፣ ሐውልትም አልቆመላቸውም። ዛሬ አብረውን ታክሲ ይሳፈራሉ፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደርሳሉ። አንድ ሰው ማስጠንቀቂያውን አንብቦ ግልባጭ በማድረግ ፈንታ መጋዘን ስለከፈተ ነው።