ከማስጠንቀቂያ ወደ ስሕተት፦ የአንድ የኮምፓይለር መልእክት ታሪክ

ክፍት ምንጭ ፕሮግራምን ከነምንጩ ወስዶ በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ ኮምፓይል ለማድረግ የሞከረ ባለሙያ ሁሉ፣ በተርታ የሚወርደውን የስሕተት መልእክት ያውቀዋል። ለዓመታት ያለ እንከን ሲገነባ የኖረ ፕሮግራም፣ አንዲት ፊደል እንኳ ሳትለወጥበት፣ በአዲስ ኮምፓይለር እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። በዚህን ጊዜ ወቀሳው ብዙ ጊዜ በኮምፓይለሩ ላይ ያርፋል። ነገር ግን ከእነዚህ ስሕተቶች የዋነኛው ሥር ከግማሽ ምዕት ዓመት በፊት የተተከለ ስለሆነ፣ ከፍርድ በፊት ታሪኩን መመልከት ይገባል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሲ ቋንቋ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በዴኒስ ሪቺ ሲፈጠር፣ በባለሙያው ላይ ሰፊ እምነት የሚጥል ቋንቋ ነበር። ፕሮግራሙ አስቀድሞ ያልታወጀ ፈንክሽን ቢጠራ ኮምፓይለሩ ጥያቄ አያነሣም፤ ፈንክሽኑ ኢንት፣ ማለትም ሙሉ ቁጥር፣ ይመልሳል ብሎ ገምቶ ያልፋል። ቋንቋው ባደገበት በፒዲፒ 11 ኮምፒዩተር የኢንትም ሆነ የሜሞሪ አድራሻ ስፋት እኩል 16 ቢት ስለነበረ፣ ግምቱ ቢሳሳት እንኳ ጉዳቱ እምብዛም አይታይም ነበር።

በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የግኑን ፕሮጀክት አስታወቀ፤ በ1987ም ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ለሕዝብ ተለቀቀ። የፕሮግራም ምንጭ ከእጅ ወደ እጅ መዘዋወሩ እየበዛ ሄደ። የዩኒክስ ዐይነቶች ግን እርስ በርሳቸው ይለያዩ ስለነበረ፣ ልዩነቱን የሚያስታርቅ አውቶኮንፍ የተባለ መሣሪያ በ1991 ተጀመረ። የእርሱ ውጤት የሆነው ኮንፊገር አነስተኛ የሙከራ ፕሮግራም ይጽፋል፤ ሙከራው ኮምፓይል ከሆነ የተፈለገው ነገር አለ፣ ካልሆነ የለም ብሎ ይፈርዳል።

የቀድሞው ግምት አደጋ የጎላው 64 ቢት ኮምፒዩተሮች በተስፋፉ ጊዜ ነው። አድራሻው 64 ቢት ሲሆን ኢንት በ32 ቢት ቀረ። ከዚህም የተነሣ አድራሻ የሚመልስ ፈንክሽን ሳይታወጅ ሲጠራ የአድራሻው ግማሽ ይቆረጣል፤ ፕሮግራሙም በሰላም ተገንብቶ በሥራ ላይ ሳለ ይወድቃል። በ1999 የወጣው የሲ ደረጃ ልማዱን ሠረዘው፤ ይሁን እንጂ አሮጌ ፕሮግራሞች እንዳይሰናከሉ ሲባል ኮምፓይለሮቹ ለረጅም ዘመን በማስጠንቀቂያ ብቻ አለፉት። በመጨረሻ ክላንግ 16 በ2023፣ ጂሲሲ 14 ደግሞ በ2024 ማስጠንቀቂያውን ወደ ስሕተት ለወጡት።

በዚህ ለውጥ ሳቢያ ከሚመጡት ችግሮች ግልጹ ቀላሉ ነው፤ ኮምፓይለሩ ያልታወጀውን ፈንክሽን በስሙ ጠርቶ፣ ፋይሉንና መስመሩን ያመለክታል። የሚከፋው ስውሩ ነው። የኮንፊገር የሙከራ ፕሮግራም ራሱ በአሮጌው ልማድ የተጻፈ እንደሆነ፣ ሙከራው በዚህ ምክንያት ብቻ ይወድቃል፤ ኮንፊገርም በኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ነገር የለም ብሎ ይመዘግባል። ግንባታው ያለ ስሕተት ይፈጸማል፤ ፕሮግራሙ ግን አንድ ችሎታው ጎድሎ ይወጣል።

እንግዲህ ከታሪኩ የሚገኘው የሥራ ትምህርት ይህ ነው። ከስሕተቶቹ ሁሉ አስቀድሞ የመጀመሪያውን ማንበብ ይገባል፤ የሚከተሉት ብዙውን ጊዜ የእርሱ ልጆች ናቸውና። ግንባታው ቢሳካም ኮንፊገር የለም ያለውን ከመዝገቡ ማጣራት ያስፈልጋል። ጂሲሲን በ1989 የሲ ደረጃ ልማድ እንዲያነብ ማዘዝ ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ ሕመሙን ማስታገሥ እንጂ ማዳን አይደለም። መድኃኒቱ የጎደለውን ሄደር ፋይል መጨመርና እርማቱን ለፕሮግራሙ ባለቤቶች መላክ ነው። ምንጩ ክፍት መሆኑ የሚጠቅመው፣ ስሕተቱን ያገኘው ሰው እርማቱን ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ሲያቆይለት ነው።