ፊደሉን የተሸከመ ፋይል

ባሕር ዳር፣ ፔዳ ግቢ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤቶች ባንዱ ተቀምጬ ሳለ አንድ ተማሪ ፍላሹን ይዞ ገባ። ቤቱ ሳለ ጥርት ብሎ ይነበብ የነበረው አማርኛ እዚህ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ቁልል ሆነ። ጸሐፊዋ ገና አንድ መስመር ሳታይ፣ «ፎንቱ እኛ ጋ የለም፤ ፒዲኤፍ አድርገህ አምጣልኝ» አለችው። ልክ ነበረች። ለምን ልክ እንደሆነች ለማስረዳት ግን ራቅ ብሎ መነሣት ያስፈልጋል።

የጣናን ገዳማት፣ የክብራን ገብርኤልን ወይም የዳጋ እስጢፋኖስን፣ መጽሐፍ የጻፈው ቁም ጸሐፊ ብራናውን ፍቆ፣ አስምሮ፣ በመቃ ብዕር ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም ሲያሳርፍ ፊደልና ገጽ አንድ አካል ነበሩ። መጽሐፉ በታንኳ ተጭኖ ዘጌ ቢሻገር ያው ይነበባል። ሁለቱን የለያቸው ማተሚያ ነው። ዮሐንስ ፖትከን ሮም ላይ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግእዝ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን ሲያሳትም፣ አስቀድሞ ፊደሉ በብረት መቀረጽ ነበረበት። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1921 ሲቋቋምም ነገሩ ያው ነው፤ ከሣጥኑ የጠፋ ፊደል ከገጹም ይጠፋል።

በኮምፒውተር ዘመን ይኸው ችግር በፖስትስክሪፕት ተመልሶ መጣ። አዶቢ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ይህ ቋንቋ ገጽን በትእዛዝ ይገልጻል፦ ከዚህ ነጥብ ተነሣ፣ እስከዚያ መስመር ሳብ፣ ውስጡን አጥቁር። ድንቅ ሐሳብ ነው። የተለመደው ፎንቱ ግን በአንድ ጊዜ ከ256 በላይ ምልክት አያስተናግድም። ለላቲን ይህ ይተርፋል። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ሃያው አኃዝና ሥርዓተ ነጥቡ ሲታከሉ ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ ፎንት ሠሪዎች ፊደሉን ከሁለት ፎንት ከፈሉት፣ ወይም ከቁርጥራጭ ገጣጠሙት፤ እያንዳንዱም በየራሱ ኮድ። የተማሪው ፋይል እንደዚያ የሆነውም ለዚህ ነው።

ለዚህ አንድ መላ የተገኘው ሐምቡርግ ነው። ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 የጣናን ገዳማት ብራናዎች በማይክሮፊልም አነሣ፤ በኋላም ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በዚያችው ከተማ ብርሃኑ በየነ፣ ማንፍሬድ ኩድሌክና ባልደረቦቻቸው ላቴክ የተባለውን የጽሑፍ ማቀናበሪያ ግእዝና አማርኛ አስጻፉት። ከእሱ በሚወጣው ፖስትስክሪፕት ፊደሉ በነጥብ ተሥሎ ከፋይሉ ጋር ይታሸግ ነበር። ተቀባዩ ኮምፒውተር አማርኛ ባያውቅም ገጹ ይታተማል። የብራናው ነገር ተመለሰ ማለት ነው፤ ይህ ልቤን ሁልጊዜ ይነካዋል።

ፋይሉ የተዘጋጀው ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት ላይ ከሆነ፣ የቀረው ጉዞ ከሊኑክሱ ወደ ቢሮው ፕሪንተር ነው፤ ፕሪንተሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ላይ የታሰረ ነው። አውስትራሊያዊው አንድሪው ትሪጅል በኔትወርክ ኬብል ላይ የሚመላለሰውን መረጃ እያጠና የጀመረው ሳምባ የተባለ ፕሮግራም ይህን በር ከፈተ። ሳምባ ፋይሉን ሼር ወደተደረገው ፕሪንተር ያደርሳል፤ ያደርሳል እንጂ አይተረጉምም። ፕሪንተሩ ፖስትስክሪፕት ካልገባው ትእዛዙን እንደ ጽሑፍ ይቆጥረዋል፦ ከላይ ፐርሰንትና ቃለ አጋኖ፣ ከዚያ ቁጥር በቁጥር የሆነ ገጽ፣ ወረቀቱ እስኪያልቅ። መፍትሔው ሊኑክሱ ላይ እንዳለ ጎስትስክሪፕት በተባለ ፕሮግራም ወደ ፕሪንተሩ ቋንቋ መልሶ፣ ዊንዶውሱ ሳይነካው እንዲያሳልፈው ማድረግ ነው።

ለየፊደሉ አንድ የጋራ ኮድ የሚሰጠው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ሥሪቱ 345 የኢትዮጵያ ምልክቶችን ሲመዘግብ ለአዲስ ጽሑፍ ነገሩ ቀለለ። የሚያስጨንቀኝ በድሮው ኮድ የተጻፈው ነው፦ በየቢሮው ያለ ቃለ ጉባኤ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሰበካ መዝገብ። ፎንቱ ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ገና ሲነሣ፣ ዛሬውኑ ፋይሉ ከነፊደሉ ወደ ፖስትስክሪፕት ልጅ፣ ወደ ፒዲኤፍ ይዛወር። ቃል መፈለግ ባይቻልበት እንኳ ይነበባል። ሲያበቃ የፋይሉን መረጃ ከፍቶ፣ ፎንት በሚለው ዝርዝር ውስጥ ፊደሉ አብሮ መግባቱን ማየት ነው።