ከፓሪስ የድንጋይ ማውጫ እስከ ገርጂ ጓዳ፤ የቤት ውስጥ እንጉዳይ ታሪክ

በኢትዮጵያ ደጋ የዱር እንጉዳይ «የጅብ ጥላ» ይባላል። ስሙ እንደ ማስጠንቀቂያ ይሰማል፤ የሚበላው ከሚገድለው በመልክ ስለሚመሳሰል ከሜዳው ላይ እንዳበቀለው መተዉ አላዋቂነት ሳይሆን ጥንቃቄ ነበር። በምዕራቡ ደን የሚኖሩት መዠንገሮች ግን ብዙውን ዓይነት ለይተው በየስሙ እየጠሩ እንደሚመገቡት እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ያስረዳል። ደገኛው ከፍርሃቱ የሚገላገለው መለየትን በመማር ብቻ አይደለም፤ ዘሩ የታወቀውን በቤቱ ማብቀልም ሌላው መንገድ ነው።

የዚህ ጥበብ ታሪክ ለግንበኛም ለመሐንዲስም ባዕድ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት የፓሪስ አትክልተኞች እንጉዳይን በፈረስ ፍግ መደብ ላይ ያበቅሉ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን መደባቸውን ለከተማይቱ ቤቶች ድንጋይ ተፈልፍሎ ወደ ወጣባቸው ዋሻዎች አወረዱት። ምክንያቱ ጨለማው አልነበረም፤ እንጉዳይ ጨለማን የግድ አይሻም። የዋሻው ሙቀትና እርጥበት በክረምትም በበጋም እምብዛም አለመለዋወጡ ነበር የሳባቸው። ያላሸነፉት ችግር የዘሩ ነበር። ዘሩን ከአሮጌ መደብ እየቆረሱ ስለሚወስዱ በሽታውም አብሮ ይሸጋገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ኮስታንተንና ማትሩሾ የተባሉት ሊቃውንት ንጹሕ ዘር አዘጋጁ፤ በ1932 ደግሞ አሜሪካዊው ጄምስ ሲንደን ዘርን በተቀቀለ እህል ላይ የማባዛት ዘዴውን በባለቤትነት አስመዘገበ። በመካከሉ፣ በ1917፣ ጀርመናዊው ሪቻርድ ፋልክ ኦይስተር የተባለውን እንጉዳይ በዛፍ ጉቶ ላይ ማብቀሉን አሳተመ። ይህ ዓይነት ፍግ አይፈልግም፤ ገለባ ይበቃዋል። ለጀማሪ የሚመከረውም ስለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ የዚህ ሥራ ስም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ሕይወት ምሁር ከዳዊት አባተ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ኦይስተር እንጉዳይን በባህላዊ የሸክላ ዕቃ ስለ ማብቀል በአንድ የውጭ መጽሔት ጽፈዋል፤ በ1998 ደግሞ ተግባራዊ የእንጉዳይ አመራረት መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ ታትሟል። የውጭ መማሪያ ሁሉ ብረትና ፕላስቲክ በሚጠይቅበት ጊዜ ወደ ሸክላ መዞራቸው ታላቅ ብልሃት ነው።

ቦሌና ምሥራቃዊው አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ገለባን ለማዘጋጀት ይህ እንቅፋት አይሆንም፤ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ በሚደርስ ውሃ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ማቆየት ይበቃል። እንዲያውም ማብዛቱ አይጠቅምም፤ ሻጋታን የሚከላከሉት ረቂቅ ነፍሳት ጭምር ስለሚያልቁ አረንጓዴው ሻጋታ ባዶ ቤት ያገኛል። የእህል ዘሩ ግን ሌላ ነው። በባሕር ወለል የ15 ፓውንድ ግፊት ያለው ድስት 121 ዲግሪ ሲሰጥ፣ በቦሌ ያው ንባብ 117 ያህል ብቻ ነው። ጊዜውን ሳያራዝም በመጽሐፉ ሰዓት የሚያወጣ ሰው በሳምንቱ የበሰበሰ እህል ያገኛል። ስለዚህ ገለባው የቤት ሥራ ሲሆን ዘሩ የቤተ ሙከራ ሥራ ሆኖ ቆይቷል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ በቦሌ ገርጂ ለሙከራ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ ኋላም በሰሚት፣ በአያትና በቡልቡላ የተከተሉት፣ ነዋሪውን ከጓሮ ለዩት። ጓሮ ያጣ ሰው ግን ለአንድ መደርደሪያ የሚሆን ጥግ አያጣም። ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ የታሰበው የጋራ ሕንፃም ባለበት ቦታ ለገለባ መቀቀያ ይመቻል። ቀድሞ ለጭቃ ቤት ምርጊት ይቦካ የነበረው የጤፍ ጭድ ያው ነው፤ ከከብት መኖ ሻጭ ይገኛል። ተቀቅሎ፣ ቀዝቅዞ፣ በጭብጥ ሲጨመቅ ጥቂት ጠብታ ብቻ እስኪወጣው ተንጠፍጥፎ፣ ከዘሩ ጋር በንጹሕ ከረጢት ይነባበራል። አብዛኛው ጀማሪ የሚሳነው እዚህ ላይ ነው፤ ገለባው ሳይበርድ ዘሩን ይጨምራል፣ ወይም ውሃውን ሳያንጠፈጥፍ ይቸኩላል። ነጩ ድር ከረጢቱን ለመሸፈን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጅበታል፤ የቦሌ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ መዘግየቱ አያስደነግጥም። ከዚያ በኋላ ብርሃን፣ እርጥበትና አየር ይሻል። አገዳው ረዝሞ ጥላው ካነሰ አየር አጥሮታል ማለት ነው፤ ያለ መሣሪያ የሚነበብ መለኪያ ይሉታል ይህ ነው።

የጥላው ጠርዝ ወደ ላይ ሳይገለበጥ መቆረጥ አለበት። ዘግይቶ የሚበተነው ረቂቅ ብናኝ ሳንባን ስለሚያውክ በመኝታ ክፍል ማብቀል ፈጽሞ አይገባም። ያፈራው ገለባ ለአበባ ማሰሮ ይሆናል። ለሚቀጥለው ከረጢት ግን ጭዱ ከመኖ ሻጩ ቢገኝም፣ ዘሩ አሁንም ከቤተ ሙከራ ይለመናል፤ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቆየውም ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው።