የመሪነት የምግባር ንድፈ ሐሳብ

የመሪነት የምግባር ንድፈ ሐሳብ የመሪን ብቃት አብሮት በተወለደ ባሕርይ ሳይሆን በየዕለቱ በሚያደርገው ነገር የሚመዝን የጥናት ዘርፍ ነው። ቀደምት ተመራማሪዎች ቁመትን፣ ብልህነትንና በራስ መተማመንን እየመዘኑ የተፈጥሮ መሪን ሲፈልጉ ቆይተዋል። ራልፍ ስቶግዲል እ.ኤ.አ. በ1948 ጥናቶቹን ገምግሞ፣ በየትኛውም ሁኔታ መሪን ከሌላው የሚለይ ቋሚ የባሕርያት ስብስብ እንደሌለ አሳየ።

የመሪ ምግባር ለውጥ እንደሚያመጣ ከሁሉ በላይ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው ግን ከዚያ ቀደም ኩርት ሌዊንና ባልደረቦቹ በ1930ዎቹ መጨረሻ በአዮዋ ያደረጉት ሙከራ ነው። የአሥር ዓመት ልጆች በቡድን ሆነው ጭምብል ይሠራሉ። በአንዱ ስልት መሪው ሁሉን ራሱ ወስኖ ያዛል፤ በሌላው ከልጆቹ ጋር ይመካከራል። መሪው ከክፍሉ ሲወጣ ልዩነቱ ፈጦ ይወጣል፦ አዛዡ በሌለበት ሥራው ይላላል፣ ተመካካሪው በሌለበት ግን ልጆቹ ይቀጥላሉ። ያው አንድ ሰው የአመራር ስልቱን ሲቀይር የልጆቹም ሁኔታ አብሮ መቀየሩ፣ በእኔ ግምት፣ የሙከራው ትልቁ ቁም ነገር ነው።

በኋላ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሠራተኞችን በመጠየቅ ሁለት የምግባር ዘርፎችን ለዩ፦ ሥራን ማደራጀትና ለሰው ማሰብ። በ1962 በታተመ የጭነት መኪና ፋብሪካ ጥናት፣ ለሠራተኞቻቸው እምብዛም የማያስቡ ፎርማኖች ዘንድ አቤቱታም ሥራ መልቀቅም በዝቶ ተገኘ። ለሠራተኛው የሚያስቡት ግን ሥራውን ጠበቅ ቢያደርጉም አቤቱታው ያን ያህል አልጨመረም።