የሜዳው ገጣሚ፦ ግራንትላንድ ራይስ

ጋዜጠኛ ያየውን ይመሰክራል፤ ገጣሚ ያየውን ያገንናል። ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ሰው እጅ ሲገቡ ምስክርነቱ ይደምቃል። ይሁን እንጂ የደመቀ ሁሉ እውነት፣ የደበዘዘም ሁሉ ከንቱ አይደለም። ለዚህ ጉልህ ምሳሌ የሚሆነው፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ የስፖርት ዜናን ከግጥም ጋር አጣምሮ የጻፈው አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ግራንትላንድ ራይስ ነው።

ራይስ በ1880 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በቴነሲ ግዛት፣ መርፍሪስቦሮ በተባለች ከተማ ተወለደ። በናሽቪል ከተማ በሚገኘው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የግሪክና የላቲን ጥንታዊ ጽሑፎችን አጠና፤ ለዩኒቨርሲቲውም ቤዝቦል ተጫወተ። በ1901 እንደ ተመረቀ በዚያው በናሽቪል በአንድ የከተማው ጋዜጣ ሥራ ጀመረ። የጥንት ጀግኖችን ውዳሴ ከመጻሕፍት፣ የተጫዋችን ላብ ከሜዳ የቀሰመው ወጣት፣ የግጥሚያ ውጤት በቁጥር ብቻ ተነግሮ የሚያልቅ ነገር አልመሰለውም። ስለዚህ ዜናውን በስንኝ ማጀብ ልማዱ ሆነ።

በ1904 ለአትላንታ ጆርናል ጋዜጣ የስፖርት አዘጋጅ ሳለ፣ ስለ አንድ ያልታወቀ ወጣት የቤዝቦል ተጫዋች ችሎታ የሚያወሱ መልእክቶች ይደርሱት ጀመር። የላኪዎቹ ስም ልዩ ልዩ ነበር። ራይስም ነገሩን አምኖ ስለ ወጣቱ ጻፈ። ተጫዋቹ ታይ ኮብ ነበር፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደ ታወቀው ደግሞ የመልእክቶቹ ሁሉ ላኪ ራሱ ኮብ ነበር። ኮብ በእርግጥም ከዘመኑ ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ ለመሆን ስለ በቃ ነገሩ በሳቅ ታለፈ። ሆኖም ውዳሴን ለመቀበል የሚቸኩል ብዕር በማን እጅ እንደሚመራ ላያውቅ እንደሚችል ገና ከጧቱ ያመለከተ አጋጣሚ ነበር።

ራይስ ወደ ናሽቪል ተመልሶ በቴነሲያን ጋዜጣ ሲሠራ፣ በ1908 «አልምነስ ፉትቦል» የተሰኘውን ግጥም አወጣ። ግጥሙ በኮሌጅ ሜዳ ስመ ጥር የነበረ አንድ ተጫዋች ከተመረቀ በኋላ በኑሮ ሜዳ ሲወድቅና ሲነሣ ያሳያል፤ በመጨረሻም ከውጤት ይልቅ ምግባርን ያስቀድማል። ለአንድ ከተማ አንባቢዎች የተጻፈው ይህ ግጥም መላ አገሪቱን አዳረሰ። መዝጊያው ዛሬም ድረስ የደራሲውን ስም በማያውቁ አሠልጣኞችና መምህራን አንደበት ይነገራል።

በ1911 ራይስ ወደ ኒው ዮርክ ተዛወረ። ዐምዱም ከጊዜ በኋላ በበርካታ ጋዜጦች በአንድነት የሚታተም ሆነ። በ1922 የአሜሪካን የቤዝቦል ፍጻሜ ውድድር ከሜዳው በራዲዮ አስተላለፈ። ዝናው ከፍ ብሎ የታየው ግን ኖትር ዴም የተባለው ዩኒቨርሲቲ ጥቅምት 18 ቀን 1924 የጦር አካዳሚውን ቡድን በአሜሪካ እግር ኳስ 13 ለ7 ባሸነፈበት ዕለት ነው። ራይስ አራቱን የኖትር ዴም አጥቂዎች በዮሐንስ ራእይ ከተነገሩት አራት ፈረሰኞች ጋር አመሳሰላቸው። ብዙም ሳይቆይ ተጫዋቾቹ ኳስ ይዘው በእውነተኛ ፈረስ ላይ ተቀምጠው ፎቶግራፍ ተነሡ። ምሳሌው ከግጥሚያው በለጠ፤ ውጤቱን የረሳ ሰው እንኳ ፈረሰኞቹን አልረሳም።

የራይስ ብዕር ያነሣውን ሁሉ ያገንን ስለ ነበር፣ ያላነሣው ነገር ምን ያህል እንደ ተጐዳ መመርመር ይገባል። እስከ 1947 ድረስ የአሜሪካ ታላላቅ የቤዝቦል ማኅበሮች በር ለጥቁር ተጫዋቾች ዝግ ነበር። በአገሪቱ ከማንም በላይ ይነበብ ከነበሩት የስፖርት ጸሐፊዎች አንዱ የሆነው ራይስ ያን በር ለማስከፈል አልታገለም። ጥቁሩን ቦክሰኛ ጆ ልዊስን ሲያደንቅ እንኳ ከዱር አራዊት ጋር ያመሳስለው ነበር። የነጩ አትሌት ድል የጀግንነትና የጥበብ ፍሬ፣ የጥቁሩ ግን የደመ ነፍስ ሥራ ተደርጎ ቀረበ። ሰሙ ውዳሴ፣ ወርቁ ግን ንቀት ነበር።

በዚያው ዘመን ለጥቁር አሜሪካውያን ማኅበረሰብ የሚታተመው የፒትስበርግ ኩሪየር ጋዜጠኛ ዌንደል ስሚዝ ሌላ መንገድ ያዘ። በ1939 ነጭ ተጫዋቾችንና አሠልጣኞችን እየዞረ፣ ከጥቁር ተጫዋቾች ጋር ለመሰለፍ ፈቃደኞች መሆናቸውን ጠየቀ። ብዙዎቹ እንደማይቃወሙ መለሱለት፤ እሱም መልሳቸውን በተከታታይ አሳተመ። በ1945 ጃኪ ሮቢንሰንን ለብሩክሊን ቡድን ኃላፊ ያሳሰበውም እሱ ነው። በ1947 ሮቢንሰን ያን በር አልፎ ገባ። ስሚዝ የተጠቀመው መሣሪያ ስንኝ ሳይሆን ጥያቄና መልስ ነበር።

ራይስ ሐምሌ 13 ቀን 1954 በ73 ዓመቱ አረፈ። ከ22000 በላይ ዐምዶችና ወደ 7000 የሚጠጉ ግጥሞች እንደ ጻፈ ይገመታል። የቤዝቦል ጸሐፊዎች ማኅበር ከፍተኛ ሽልማቱን ለራይስ በ1966፣ ለስሚዝ ደግሞ በ1993 ሰጠ፤ ሁለቱም ሽልማቱን ሳያዩ ነው የሞቱት። በሁለቱ መካከል ያለፈው የ27 ዓመት ልዩነት ራሱ ምስክር ነው።

ከዚህ ሕይወት የሚገኘው ትምህርት ግጥም ከጋዜጣ ይራቅ የሚል አይደለም። ራይስ የስፖርትን ዜና ከቁጥር ድርደራ አውጥቶ የሰው ታሪክ አድርጎታል፤ ለተሸነፈውም ክብር ሰጥቷል። ነገር ግን በ1908 ለተጫዋቾች ያቀረበው የምግባር ሚዛን ለጋዜጠኛም ይሠራል። በዚያ ሚዛን ሲታይ፣ የብዕር ሰው የሚመዘነው ባወደሳቸው ጀግኖች ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ከሜዳው አጥር ውጭ ቆመው ሳለ አይቶ ባለፋቸው ሰዎችም ጭምር ነው።